ድንጋይ ሲራመድ

ሌሊት ነው የሚሰማው፣ በኅዳር በታኅሣሥ፣
ከጋሊሲያ ገደል ሥር ባሕሩ ሲተራመስ።
አልጋው ላይ ያለ ሰው በደረቱ ያዳምጣል፦
አንድ ትልቅ ነገር ሌላ ትልቅ ያኝካል።
«ኮይዱ ነው» ይላሉ፣ ዞር ብለው ይተኛሉ፤
የድንጋዩን ዳርቻ በዚህ ስም ይጠሩታል፤
አሸዋ የሌለበት፣ ጠጠር የሌለበት፣
እንቁላል ብቻ ያለበት፤
ሰጎን ያልጣለችው፣ ንስር ያልታቀፈው፣
አንዱን አምስት ጎረምሳ ገፍቶ የማይነቀንቀው።

ጥንቱ ግን ገደል ነው፤ ጥርብ፣ ባለ ማዕዘን።
ማዕበል ስንጥቁን አገኘ፣ ምላሱን ሰደደ አንድ ቀን፤
ውስጥ ያለውን አየር አፍኖ ወደ ጥግ ገፋው፣
ዓለቱ ሳል እንደያዘው ሽማግሌ አጓራ፤
ውሃው ሲመለስ አየሩ ፈንድቶ ወጣ፣
ከጎኑ አንድ ጉማጅ ይዞ።

ጉማጁ ሲወለድ ሹል ነው፤ ጫማ ይበላል፣ ጎረቤት አያውቅም።
ከዚያ ወፍጮው ይጀምራል።
መጁም እህሉም አንድ የሆነበት ወፍጮ፣
ዱቄቱን ማንም የማይሰፍረው።
ክረምት በክረምት ላይ ጥግ ጥጉ ይሸረፋል፣
ኩርፊያው እየለቀቀው ድቡልቡል ይሆናል።

ትንንሹ በየቀኑ ይመላለሳል እንደ ገበያተኛ፤
ትልቁ ግን እንቅልፋም፣ ሃያ ዓመት በአንድ ጎኑ የሚተኛ፣
የድንጋይ ሽበት እስኪያበቅል።
አንዳንዱን ደግሞ የባሕር አረም ሥሩን ይተክልበታል፤
አድጎ፣ ተንሳፎ፣ ከነመሠረቱ ሲነቀል
ድንጋዩ እንደ ሙሽራ ታዝሎ ይመጣል።

የአክስቴ የኦብዱሊያ ባል፣ ኤላዲዮ ባለ ጀልባው፣
ከጀልባው ቀለም የተረፈ ጥቂት ሰማያዊ ነበረው።
በሬ የሚያክል ድንጋይ መርጦ ወገቡን አሰመረ፤
«ይሄ አይሄድም» አለ፤
አባቴ ፉኮ «ይሄዳል» ብሎ ተወራረደ።
አንድ ዳሚጃን ወይን፣ በየዓመቱ፣ የቅዱስ ዮሴፍ ለት።
ገደሉ ላይ ከተቸነከረው የብረት ቀለበት
ገመድ እንዘረጋለን፤ ጫፉን የምይዘው እኔ ነኝ።
ሃያ ስድስት ክንድ።
ሃያ ስድስት ክንድ።
ሃያ ስድስት።
አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ኤላዲዮ የአባቴን ወይን ጠጣ።
አባቴ ከፍሎ ይስቃል፦
«ቀስ በቀስ ነው፤ እንቁላልስ በእግሩ ይሄድ የለ?»

ኤላዲዮ አልጋው ላይ ሞተ፣ በሳንባው፣ በመስከረም፤
ባሕሩ አልነካውም።
ያን ክረምት ሦስት ሌሊት ነፋ፣
የጸሎት ቤቱ ደወል ሰው ሳይነካው ጮኸ።
በአራተኛው ቀን ስንወርድ ዳርቻው የኛ አልነበረም፤
ጉብታው ጉድጓድ ሆኗል፣ ጉድጓዱ ጉብታ።
ቀለበቱ አለ። ገመዱን ዘረጋሁ፣
ጫፉ ላይ ምንም።

ያገኘችው አክስቴ ናት፣ ፋሲካ ካለፈ ወዲያ፣
ዛጎል የምትፈቀፍቅበትን ብረት እንደያዘች፤
ላይ፣ ክምሩ አናት ላይ፣ የበጋ ማዕበል ከማይደርስበት፣
ተገልብጦ፣ ሽበቱ ከሥር፣
ፀሐይ አይቶ የማያውቅ ሆዱ ወደ ላይ።
በደረቷ ተኛች፣ ባትሪ አበራች፣
በድንጋይና በድንጋይ መሐል
አንድ ጣት ሰማያዊ።

ዳሚጃኑን ራሷ ተሸክማ በራችን ላይ አኖረችው።
«ተሸንፏል፣ ተረከብ።»
አባቴ ቡሹን ሳይነቅል ብዙ አየው፤
«ሲሄድ አላየሁትም» አለ፣
«ያላየሁትን ምን ብዬ እጠጣለሁ?»

በሐምሌ አንድ የከተማ ሰው በመኪና መጣ፣
ለአትክልቱ ጌጥ ሦስት ድንጋይ ጭኖ ወጣ።
አክስቴ ከላይ ሆና አየችው፣ አልጮኸችም፤
«እነዚያስ ሞቱ» አለች፣ ወደ ሥራዋ ዞረች።

ወይኑ እስከ ዛሬ ከበሩ ኋላ ቆሟል፤
ኮምጣጤ ሳይሆን አይቀርም።
በኅዳር ሌሊት፣ ታች ኮይዱ ሲያኝክ፣
አባቴ ሻማ ይዞ ይነሣል፣ አጠገቡ ይቀመጣል፤
በብርጭቆው አንገት ውስጥ
ወይኑ ክብ ይሠራል፣
ክብ ይሠራል።